የካውንስል ምርጫ በብሪታንያ፦ ሐበሻው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

በየዓመቱ ሜይ ሲቃረብ በበሩ ቀዳዳ ባለቀለም ወረቀት መግባት ይጀምራል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ደረታቸው ላይ የፓርቲ ምልክት የለጠፉ ሰዎች በር ያንኳኳሉ። ብዙዎቻችን ወረቀቱን ሳናነበው እንጥላለን፤ በሩንም አንከፍትም። የካውንስል ታክስ ሲጨምር፣ የቤት ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲል፣ የፓርኪንግ ቅጣት ሲመጣ ግን እናማርራለን። እነዚህን ነገሮች የሚወስኑት ፎቷቸው በዚያ ወረቀት ላይ የነበረው ሰዎች ናቸው።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ቡና ላይ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቱም ሰዓቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የካውንስል ምርጫ ከፓርላማ ምርጫ በምን ይለያል?

የፓርላማው ምርጫ መንግሥት ይመሠርታል። ኢሚግሬሽን፣ የገቢ ግብር፣ የውጭ ጉዳይ የዚያ ሥራ ነው። ካውንስል የሚመለከተው ደጃፍዎ ላይ ያለውን ነው፦ ቆሻሻ ማንሳት፣ የካውንስል ቤት፣ ቤት ላጣ ሰው ማረፊያ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምደባ፣ የመንገድ ጉድጓድ፣ የግንባታ ፈቃድ። ሬስቶራንት ከፍቶ ጠጅ መሸጥ የፈለገ ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው ካውንስሉን ነው።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ግሬንፌል የሚባለውን የመኖሪያ ሕንፃ ያስታውስ። ጁን 14 ቀን 2017 ምዕራብ ለንደን ውስጥ በተነሳው እሳት 72 ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩበት። የሕንፃው ባለቤት ካውንስሉ ነበር፤ በካውንስሉ ስም የሚያስተዳድረው ሌላ ድርጅት ነበር። ነዋሪዎቹ ስለ ሕንፃው ደኅንነት ከእሳቱ በፊት ደጋግመው አቤት ብለው ነበር። የሰማቸው አልነበረም። የካውንስሉ መሪ ሥልጣን የለቀቁት ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ስለ ካውንስል ምርጫ ሳወራ ድምፄ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

የምርጫው ቀን ብዙውን ጊዜ የሜይ የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ግን ሁሉም ቦታ በየዓመቱ አይመረጥም። የለንደን 32 ቦሮዎች (የአስተዳደር ክፍሎች) ሁሉንም ካውንስለሮቻቸውን፣ ማለትም የካውንስል አባሎቻቸውን፣ በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ይመርጣሉ፤ 2018፣ 2022፣ 2026 እያለ ይሄዳል። ሌሎች ከተሞች ውስጥ ከአራት ዓመት በሦስቱ ከመቀመጫዎቹ ሲሶ ሲሶው ለምርጫ የሚቀርብበት ቦታ አለ።

ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። መምረጥ እችላለሁ?

መልሱ የሚኖሩበት ቦታ ላይ ይወሰናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ከሆኑ አይችሉም። እዚያ በካውንስል ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት 18 ዓመት የሞላቸው የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች፣ እንዲሁም የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፤ ኤርትራም አይደለችም። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ግን ናቸው። ስለዚህ የኬንያ ፓስፖርት የያዘ ጎረቤትዎ የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ይመርጣል፤ እርስዎ ሃያ ዓመት ኖረው፣ ቋሚ መኖሪያ ይዘው፣ ታክስ እየከፈሉ አይመርጡም። ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። ሕጉ ግን ይኸው ነው።

ስኮትላንድና ዌልስ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱም በቅርብ ዓመታት ሕጋቸውን ቀይረዋል። በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የየትኛውም አገር ዜጋ፣ 16 ዓመት ከሞላው፣ በካውንስል ምርጫም በስኮትላንድ ወይም በዌልስ ፓርላማ ምርጫም ድምፅ ይሰጣል። ጥገኝነት አግኝቶ ግላስጎው ወይም ካርዲፍ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ዛሬውኑ መመዝገብ ይችላል። በለንደኑ የዌስትሚኒስተር ፓርላማ ምርጫ ግን አይሳተፍም። ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂም አይካተትም።

የብሪታንያ ዜግነት ስለመውሰድ የሚያስቡ ካሉ አንድ ነገር ይመዝኑ። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። የብሪታንያን የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ በቢጫ ካርድ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ነው የሚስተናገደው።

ካውንስለር በወረቀት ጉዳይ ሊረዳኝ ይችላል?

አይችልም። የሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ጉዳይ የሚወሰደው ለፓርላማ አባልዎ ነው። የፓርላማ አባል የመረጠውንም ያልመረጠውንም፣ መምረጥ የማይችለውንም ነዋሪ ጉዳይ ይዞ ለሆም ኦፊስ መጻፍ ይችላል።

እንዴት ነው የምመዘገበው?

በኢንተርኔት፣ በመንግሥት ድረ ገጽ። የሚያስፈልገው የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ የልደት ቀንና አድራሻ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። የመጨረሻው ቀን ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ልመና አይሠራም። ቤት ከቀየሩ እንደገና ይመዝገቡ። የካውንስል ታክስ ስለከፈሉ ብቻ መራጭ አይሆኑም፤ ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው።

ስምዎን ፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው አድርገው ያስገቡ። ይህን የምለው ስለ ስማችን ነው። አንዱ ቦታ አባት ብቻ፣ ሌላ ቦታ አያት ተጨምሮ፣ «ተስፋዬ» በሦስት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። የፊደል ጥቃቅን ልዩነት ችግር የለውም። መታወቂያውና መዝገቡ ጨርሶ ሁለት ሰው ከመሰሉ ግን ምርጫ ጣቢያው ላይ ይጉላላሉ።

ደግሞ መብቱ የሌለው ሰው «እስቲ ልሞክር» ብሎ አይመዝገብ። ስለ ዜግነት ውሸት መጻፍ ወንጀል ነው። ነገ ዜግነት ሲጠይቁ ደግሞ ሥነ ምግባርዎ ይመረመራል።

መታወቂያ ያስፈልጋል?

እንግሊዝ ውስጥ አዎ። የካውንስል ምርጫ ላይ ከሜይ 2023 ጀምሮ ፎቶ ያለው መታወቂያ ግዴታ ሆኗል። የብሪታንያ ፓስፖርት ይሠራል። መንጃ ፈቃድ፣ የተለማማጁም ቢሆን፣ ይሠራል። ለአረጋውያን የ60 ፕላስ ኦይስተር ካርድ (የለንደን ትራንስፖርት ካርድ) ይሠራል፤ የ18 ፕላስ ተማሪ ኦይስተር ግን ሲመለስ አይተናል። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያም ፎቶው እርስዎን እስከመሰለ ድረስ ተቀባይነት አለው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሠራም።

ዜግነት ወስደው ፓስፖርቱን ገና ያላወጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የዜግነት ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ፎቶ ስለሌለው አይሆንም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ካውንስሉ በነፃ የሚሰጠው የመራጭ መታወቂያ ሰርተፊኬት አለ። ከምርጫው ስድስት የሥራ ቀን በፊት፣ እስከ 5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ድረስ ማመልከት ነው።

በስኮትላንድና በዌልስ የካውንስል ምርጫ መታወቂያ አይጠየቅም።

ለምን የጎረቤቴን በር አንኳኩተው የእኔን ይዘሉታል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የዚህ አገር የሰፈር ፖለቲካ አሠራር በሙሉ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና።

ቅስቀሳው እንዲህ ነው የሚሄደው። ቅዳሜ ጠዋት የአንድ ፓርቲ ሰዎች ጎዳና ጥግ ላይ ይሰበሰባሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ ጡረተኛ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ከሥራ አዳር የወጣ አለ። አንዱ ዝርዝሩን ይይዛል። ድሮ በወረቀት ነበር፤ አሁን በብዛት በስልክ ነው። ዝርዝሩ ላይ የመንገዱ ስም፣ የቤት ቁጥርና የመራጩ ስም አለ። ዝርዝር ያዡ ራሱ አያንኳኳም። መንገድ ላይ ቆሞ «14 ቁጥር፣ ወይዘሮ እገሊት» እያለ ሌሎቹን ይልካል። ከ14 በኋላ 18 ይላል። 16 ቁጥር ላይ የተመዘገበ ሰው የለማ። መብራቱ በርቶ፣ የቡናው ሽታ እስከ ውጭ ድረስ እየሸተተ፣ ቤቱ ይታለፋል።

በር የተከፈተላቸው ሰው ደግሞ ረጅም ክርክር አያደርጉም። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ በሰፈሩ ምን ያስቸግርዎታል፣ ማንን ለመምረጥ ያስባሉ። መልሱ ይመዘገባል። ደጋፊ፣ ተቃዋሚ፣ ያልወሰነ፣ ቤት የለም። አንድ ቤት ላይ ሃያ ደቂቃ የሚከራከር አዲስ ፈቃደኛ ካለ ዝርዝር ያዡ ይጠራዋል፤ ገና ሰባ ቤት ይቀራላ።

የምርጫው ዕለት ይህ መዝገብ ሥራ ላይ ይውላል። ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ባለቀለም ሪባን ያደረጉ ሰዎች ቆመው የመራጭ ቁጥርዎን ይጠይቃሉ። የመንግሥት ሠራተኞች አይደሉም፤ የፓርቲ ሰዎች ናቸው። ቁጥሩን መስጠት ግዴታ የለብዎትም። የሚፈልጉት ደጋፊዎቻቸው ከሆኑት ውስጥ ማን እንደመረጠ አውቀው ስሙን ለመሰረዝ ነው። ምሽት ላይ ስማቸው ያልተሰረዘ ሰዎች ቤት ይሄዳሉ። «ጣቢያው 10 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ኑ እንጂ» ይላሉ። አንዳንዴ በመኪና ይወስዳሉ።

ማንን እንደመረጡ ማንም አያውቅም። መምረጥ አለመምረጥዎን ግን ፓርቲዎቹ ያውቃሉ። ከምርጫ በኋላ ስሞቹ የተሰረዙበትን መዝገብ ገዝተው ማየት ይችላሉ። ስለዚህ ተመዝግቦ የማይመርጥ ቤትም ቀስ በቀስ ከዝርዝሩ ግርጌ ይገባል። ካውንስለሩ ውስን ጊዜውን የሚሰጠው መልስ ለሚሰጠው መንገድ ነው። ሐበሻ የበዛበት ሕንፃ ሊፍቱ ለወራት ተበላሽቶ ሲቀር ሁሉም ነገር ዘረኝነት ነው እንላለን። ዘረኝነት አለ፤ አልክድም። ግን ሕንፃው ላይ ከሚኖረው ሰው ስንቱ መዝገቡ ላይ እንዳለ አስቀድመን እንጠይቅ።

በር ላይ ማንን እንደምመርጥ መናገር አለብኝ?

የለብዎትም። «ምስጢሬ ነው» ማለት ሙሉ መልስ ነው፤ ማንም አይቀየምም። እኔ ግን ዝም ብሎ በር ከመዝጋት ያ አንድ ደቂቃ ቢጠቀሙበት እላለሁ። ሻጋታ ያለበትን ግድግዳ ያሳዩዋቸው። ለስንት ጊዜ እንዳመለከቱ ይንገሯቸው። ምርጫ ሲቀርብ ካውንስለር ከሌላው ጊዜ ፈጥኖ ኢሜይል ይመልሳል።

ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ቁጥር አየሁ። ማንን እንደመረጥኩ ሊያውቁ ነው?

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ፍርሃት ስለሆነ አልፈርድም። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ቁጥር አለ፤ ሠራተኛዋም ያንን ቁጥር ከመራጭ ቁጥርዎ ጋር አያይዛ ትጽፋለች። ማጭበርበር ተፈጠረ ተብሎ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ለማጣራት ነው። ዝርዝሩ ከቆጠራው ተለይቶ ይታሸጋል፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይከፈትም፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ይወገዳል። ሆም ኦፊስም፣ ካውንስለሩም፣ ኤምባሲም አያዩትም።

ወረቀቱ ላይ ስንት ምልክት ነው የማደርገው?

ከላይ የተጻፈውን ያንብቡ። አንድ ዎርድ (የካውንስል ምርጫ ክልል) አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ካውንስለር ሊኖረው ይችላል፤ ለንደን ውስጥ ሁለትና ሦስት ነው የተለመደው። ሦስት ከሆኑ እስከ ሦስት የኤክስ ምልክት ያደርጋሉ። ሦስቱም የአንድ ፓርቲ መሆን የለባቸውም። አንድ ብቻ ማድረግም ይቻላል። አራት ካደረጉ ወረቀቱ ይበላሻል። ስምዎን ከጻፉ ወይም ከፈረሙም እንዲሁ። ከተሳሳቱ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ለሠራተኛው ይመልሱ፤ ሌላ ይሰጥዎታል።

እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሽ ማለፍ አያስፈልግም። አምስት ዕጩ ባለበት ቦታ ከመቶ 28 ያገኘ ሰው ካውንስለር ሊሆን ይችላል። ስኮትላንድ ግን ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያሉ በቅደም ተከተል ነው የሚመርጡት። እዚያ ኤክስ አያድርጉ።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትለውጣለች» ለሚል ሰው የኖርዘምበርላንድን ልንገረው። በ2017 ሳውዝ ብላይዝ በሚባል ዎርድ ሁለት ዕጩዎች እኩል ድምፅ አገኙ። ሕጉ በሚለው መሠረት ዕጣ ተጣለ፤ ገለባ ሳቡ። የሊበራል ዴሞክራቷ ዕጩ አሸነፈች። ኮንሰርቫቲቮች በዚያች አንድ መቀመጫ የካውንስሉን አብላጫ ሳያገኙ ቀሩ። በካውንስል ምርጫ የሚሳተፈው በአብዛኛው ከመራጩ አንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጠባብ ውጤት ብርቅ አይደለም።

ፓርቲዎቹን እንዴት ልለያቸው?

ቀለማቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ሌበር ቀይ፣ ኮንሰርቫቲቭ ሰማያዊ፣ ሊበራል ዴሞክራት ቢጫ፣ ግሪን አረንጓዴ፣ ሪፎርም ዩኬ ውሃ ሰማያዊ። ስኮትላንድ ውስጥ ኤስኤንፒ፣ ዌልስ ውስጥ ፕላይድ ከምሪ አሉ። ማንን ይምረጡ ብዬ አልነግርዎትም። ግን ቴሌቪዥን ላይ ባዩት የፓርቲ መሪ ብቻ የሰፈርዎን ካውንስለር አይምረጡ። ካውንስሉን አሁን የያዘው ማነው? ስንት ቤት ሠራ? የትኛውን ቤተ መጻሕፍት ዘጋ? የካውንስል ታክሱን ምን ያህል ጨመረ? በርሚንግሃም በ2023 ገንዘብ አጥሮኛል ብሎ ሲያውጅ ካውንስሉን የያዘው ሌበር ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ ሌሎቹ ፓርቲዎች በያዟቸው ካውንስሎች ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የፓርቲው ስም ብቻውን ዋስትና አይሰጥም።

ብሔራዊው ነፋስ መንፈሱ ግን አይቀርም። ሜይ 1 ቀን 2025 ሪፎርም ዩኬ 677 መቀመጫ አግኝቶ 10 ካውንስሎችን ተቆጣጠረ። ብዙው ቅስቀሳ ስለ ስደተኛ ነበር። ካውንስለር ቪዛ አይሰጥም፣ ቪዛም አይከለክልም፤ ድንበርም አይጠብቅም። ስደተኛ ስለሆንን ይህ ቅስቀሳ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በር ላይ ስለ ድንበር የሚያወራ ዕጩ ከመጣ፣ ስለ ማኅበራዊ ቤትና ስለ መንገዱ ምን እንዳሰበ ይጠይቁት።

«እዚህ ማሸነፍ የሚችለው እኛ ብቻ ነን» የሚለውን ወረቀት ልመን?

ሳያጣሩ አይመኑ። አሸናፊው በአብላጫ ብቻ ስለሚለይ ፓርቲዎች «ሌላውን መምረጥ ድምፅ ማባከን ነው» ማለት ይወዳሉ። በግራፍ ያሳዩታል። ሊብ ዴሞች በዚህ ይታወቃሉ፤ ሌሎቹም ተምረውታል። ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛ ቁጥሩ የየትኛው ምርጫ ነው? አንዳንዴ የካውንስሉ ሳይሆን የፓርላማው ወይም የሌላ ዓመት ነው። ሁለተኛ የግራፉ ቁመት ከቁጥሩ ጋር ይመጣጠናል?

ወረቀቱ ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል ያሳተመውና ያስወጣው ሰው ስምና አድራሻ መኖር አለበት፤ ሕግ ነው። በኢንተርኔት የሚሰራጭ የፓርቲ ማስታወቂያም ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ማን እንዳወጣው መግለጽ አለበት። በዋትስአፕ የሚዞር፣ ባለቤት የሌለው ፖስተር ካዩ አያስተላልፉ።

ወረቀቱን በር በር እያሉ የሚያስገቡት ፈቃደኞች መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው አንድ ጊዜ በነፃ ፖስታ ይላክለታል፤ ለካውንስል የሚወዳደር ይህ የለውም። የበሩ ቀዳዳ ስፕሪንግ ጣት ይቆነጥጣል፤ ከውስጥ ውሻ ይጠብቃል። ልምድ ያለው ሰው ወረቀቱን የሚገፋበት የእንጨት ማማሰያ ይዞ ነው የሚወጣው።

ባለቤቴ እንግሊዝኛ አትችልም። አብሬያት ገብቼ ልሙላላት?

አይሆንም። በ2023 በወጣ ሕግ መሠረት ሰው ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ አጠገቡ ሆኖ ተጽዕኖ ለማድረግ መሞከር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ባልም፣ አባትም፣ ወንድምም። በአካል ጉዳት ወይም ማንበብ ባለመቻል እርዳታ የሚያስፈልጋት ከሆነ ለጣቢያው ኃላፊ ትንገር፤ ሕጋዊ መንገድ አለው። ቤት ሆናችሁ ወረቀቱ ምን እንደሚመስል አስቀድማችሁ ማየት ትችላላችሁ። የፓርቲው ስምና ምልክት ስላለበት ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው።

የፖስታ ድምፅም እንዲሁ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም የራሱን ይሙላ። የፓርቲ ሰው «አምጡ፣ እኔ ላድርስላችሁ» ካለ አይስጡት። ከሜይ 2024 ወዲህ ቀስቃሾች የሌላ ሰው የፖስታ ድምፅ መያዝ ተከልክለዋል፤ የራሳቸው፣ የቅርብ ዘመዳቸው ወይም የሚንከባከቡት ሰው ካልሆነ በቀር።

ዕጩ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጋብዘን ብናበላው ያስጠይቃል?

እናንተ እንግዳ ጋብዛችሁ እንጀራ ብታቀርቡለት ችግር የለም። ወንጀል የሚሆነው ዕጩው ወይም ደጋፊው ድምፅ ለማግኘት ብሎ መራጭ ሲያበላና ሲያጠጣ ነው። ሻይና ብስኩት ማንንም አላሳሰረም፤ ድግስ ግን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ ደግሞ ፓርቲ መደገፍ አይችልም። አንዱን ዕጩ ከጠራችሁ ሌሎቹንም ጥሩ።

ከባዱ ጉዳይ የሃይማኖት አባት «እገሌን ምረጡ፣ ካልመረጣችሁ ኃጢአት ነው» ሲል ነው። በ2014 ሉትፉር ራህማን ያሸነፉበት የታወር ሃምሌትስ የከንቲባ ምርጫ ኤፕሪል 2015 ላይ በምርጫ ፍርድ ቤት ተሰርዟል። ፍርድ ቤቱ ከጠቀሳቸው ብዙ ጥፋቶች አንዱ 101 ኢማሞች የፈረሙበት ደብዳቤ ያሳደረው መንፈሳዊ ጫና ነበር። ራህማን ለአምስት ዓመት ከመወዳደር ታገዱ፤ በ2022 ተወዳድረው እንደገና ተመረጡ። እኛ ዘንድ ግዝት ቀላል ቃል አይደለም። ካህናቶቻችን «ውጡና ምረጡ» ይበሉ፤ ማንን የሚለውን ለምእመኑ ይተዉ።

ራሴ መወዳደር እችላለሁ?

እንግሊዝ ውስጥ ዜግነት ከወሰዱ፣ 18 ዓመት ከሞላዎትና በዚያ ካውንስል ክልል የተመዘገቡ መራጭ ከሆኑ ይችላሉ፤ ላለፉት 12 ወራት እዚያ መኖር ወይም መሥራትም ይበቃል። የዚያው ካውንስል ተቀጣሪ መሆን ግን አይቻልም። እንግሊዝ ውስጥ የሚያስፈልገው የሁለት መራጮች ፊርማ ነው። ማስያዣ ገንዘብ የለም። ለፓርላማ ግን 500 ፓውንድ ይያዛል።

የወጪ ጣሪያውም ዝቅተኛ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 960 ፓውንድ ሲደመር በመራጭ 8 ሳንቲም። 10,000 መራጭ ባለበት ዎርድ 1,760 ፓውንድ ማለት ነው። ስለዚህ ሀብታም ብቻ የሚገባበት ውድድር አይደለም። እግርና ጊዜ ነው የሚጠይቀው። መዋጮ ላይ ይጠንቀቁ፤ ከ50 ፓውንድ በላይ የሚሰጥ ግለሰብ የብሪታንያ የመራጮች መዝገብ ላይ ያለ መሆን አለበት። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ፣ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ ይመለሳል።

በግል መወዳደር ይቻላል፤ የሚያሸንፈው ግን በአብዛኛው የፓርቲ ዕጩ ነው። ፓርቲ ውስጥ መግባት ከፈለጉ ቀደም ይበሉ። ዕጩ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ከምርጫው ብዙ ወራት በፊት ነው፤ ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ አባል ሆነው የቆዩ ሰዎች ናቸው። አንድ ፓርቲ ሁልጊዜ በሚያሸንፍበት ዎርድ ዋናው ምርጫ ያ ምሽት ነው። አንድ ክፍል የሞላ ሰው ካውንስለሩን መርጦ ይወጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ የእኛ ሰው እምብዛም አይታይም። የአባልነት ክፍያው ብዙ አይደለም፤ ለአባልነት ዜግነት የማይጠይቁ ፓርቲዎችም አሉ።

ከምርጫ በኋላ ካውንስለሬን የት አገኘዋለሁ?

ድምፅ መስጠት የማይችሉ ሰዎችም ይህን ያንብቡ፤ ካውንስለር ለነዋሪው ሁሉ ነው። የፖስታ ኮድዎን በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ቢያስገቡ ስማቸውና ኢሜይላቸው ይወጣል። አብዛኞቹ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ነዋሪ የሚያገኙበት ሰዓት አላቸው፤ ቤተ መጻሕፍት ወይም የማኅበረሰብ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ከካውንስሉ የሚያገኙት አበል እንጂ ደመወዝ አይደለም።

ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። አድራሻ፣ ካውንስሉ ቀድሞ የሰጠዎት የማመልከቻ ቁጥር፣ ቀኖቹና ፎቶዎቹ ይኑሩ። አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዙ። ሦስት ካውንስለር ካለዎት ለሦስቱም በአንድ ኢሜይል ይጻፉ፤ ማን እንደያዘው ይነጋገራሉ። ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ ያንኑ ኢሜይል እንደገና ይላኩ። አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ካሉዎት ደግሞ ልጃቸውን አስተርጓሚ አያድርጉባቸው፤ ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ይጻፉ።